ከቦርዱ ያልገጠመው ሚሞሪ

የኮምፒውተር ጠጋኙ በገዛ ሱቁ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘ ዕለት፣ ሚስቱ ከማልቀሷ በፊት ልጇን በዓይኗ ፈለገች። ክፉ ነገር ብቻውን አይመጣም ባይ ናት፤ ቤቷን እንኳ በሦስት ቁልፍ ነው የምትዘጋው።

የፈራችው አልቀረም። ሟቹ ከሰዓት በኋላ ማጅራቱን በከባድ የኤሌክትሪክ ስታብላይዘር ተመቷል። ሬሳውን ያገኘችው ልጅቷ ናት፤ ጠዋት ከአባቷ ጋር ተጨቃጭቃ ነበር። ከእሷ ሌላ በሱቁ የነበረው ለሱቁ ዕቃ የሚገዛው የሟች ሚስት ታናሽ ወንድም ብቻ ነው።

በማግስቱ መርማሪው ሦስቱንም እዚያው ሰበሰባቸው። መነጽሩን እየወለወለ ወደ ወንድምየው ዞረ።

«እስቲ የትናንቱን ድገምልኝ።»

«ስንቴ ልድገመው? ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ጓዳ ነበርኩ። ለዚች አሮጌ ኮምፒውተር ያንን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሚሞሪ ጨመርኩላት፤ ተነሣች፣ ሞክሬያት ነቀልኩት። ማራገቢያዋ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው፤ ምንም አልሰማሁም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይቅር በይኝና፣ ከአባቷ ጋር የነበረችው ልጅሽ ናት» አለ።

እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻት።

መርማሪው ሚሞሪውን አንሥቶ ለልጅቷ ሰጣት። «ግጠሚው።»

«አይገባም» አለች ገና እንዳየችው። «ይሄ ዲዲአር ስሪ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ነው፤ የዚች ቦርድ የሚቀበለው የድሮውን፣ ዲዲአር ቱን ነው። ክፍተቱን እዩት፣ ከሶኬቱ ጉብታ ጋር አይገናኝም። ቢጫኑት ይሰበራል እንጂ አይገባም። አጎቴ ተሳስቶ ይሆናል፤ ቁመታቸው አንድ ነው።»

«ሰው ተሳስቶ ይሞክራል፤ ተሳስቶ ግን አያስነሣም» አለ መርማሪው።

«እ... ሌላ ይሆናል የገጠምኩት።»

«ለዚች የሚገጥም በሱቁ የለም። ሟቹ ራሱ ክዳኗ ላይ "ዲዲአር ቱ እስኪገኝ ትቆይ" ብሎ ለጥፏል።» ማብሪያውን ተጫነ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ አለች እንጂ አልተነሣችም። «ትናንትም ከዚህ ሌላ አላለችም። አንተም ጓዳ አልነበርክም።»

«ታዲያ ይሄ ሚሞሪ ከየት መጣ?» አለች እናት።

«ከደንበኛ ኮምፒውተር፣ እህቴ። ቁጥሩ በባልሽ መዝገብ አለ። ወንድምሽ የደንበኛን ጥሩ ሚሞሪ እየነቀለ ደካማ ይተካ ነበር፤ ሌላ አምስት ዛሬ በራሱ መሳቢያ ውስጥ አገኘን። ደንበኛዋ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ ብላ ስትደውል፣ ባልሽ መጀመሪያ የጠረጠረው ልጅሽን ነው፤ የጠዋቱ ጭቅጭቅ ይኸው ነው። ልጅቷ ለደንበኛ ዕቃ ልታደርስ ስትወጣ ግን ባልሽ ይሄንን ከዚያው መሳቢያ አግኝቶ ወንድምሽ ፊት አስቀመጠው። ከዚያ ጀርባውን ሰጠው። የገዛ ቤተሰቡ ነዋ!»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። «እጄ ቀደመኝ፣ እትዬ።»

እናት ወደ ወንድሟ ዞረች። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ነው።

«ባሌንስ እጅህ ቀደመህ እንበል» አለች። «ልጄንስ? እሷን ለመወንጀል ሌሊቱን ሙሉ አስበህ አደርክ። ይኸው አሁን እንኳ ተሳስቶ ነው እያለች ስትከላከልልህ!»

ፖሊሶቹ ሊወስዱት ሲነሡ እናት መዳፏን ዘረጋችለት።

«የቤቴን ቁልፎች» አለች። «ሦስቱንም።»