ከኋላ የሚጎተት እግር

እኔ ሙት ተነሳ፣ ጥላ ታየ ሲሉኝ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ከጅብ በቀር የምፈራው አልነበረኝም፣ ይሄን ግን በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ እመነኝ ወዳጄ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ፊት አይያዝልኝም። ዓይኔ ደህና ነው፣ ሰውየው ዞር ሲል ግን መልኩ ይጠፋኛል፣ እናቴን እንኳ በድምጿ ነበር የማውቃት። ሰው የምለየው በአረማመዱ፣ በሳሉ፣ በልብሱ ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወዲህ ካለው መጠለያ ስንገባ ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ብርድ ልብስ ታደለና ልብሱም ጠፋብኝ።

አንድ አመሻሽ ላይ የዱራውን፣ የርዳታ ማሽላውን ድንኳን የሚጠብቁትን አያ ደሱን አንድ ሰው በድንጋይ መትቶ ሲገድላቸው አየሁ። ጮህኩ፣ ሰው ወጣ፣ ገዳዩ ግን ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሮጠና ከሕዝቡ ተቀላቀለ። አያ ደሱ በረባሶ ተጫምተው ግራ እግራቸውን የሚጎትቱ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጠብ፣ ሸርተት፣ ጠብ፣ ሸርተት፣ ያን እግር ከሺህ እለየዋለሁ።

ጥርጣሬው የእህቴ ባል ታከለ ላይ ወደቀ፣ በዱራ ስፍር ከሳቸው ጋር ተጣልቶ ነበርና። እህቴ ልጇን እንዳዘለች እግሬ ላይ ወደቀች።

«ወንድምዓለም፣ አይተሃል አይደል? ለሱዳኑ ፖሊስ፣ ለሻዊሹ ከሰጡት አይመለስም! እሱ አይደለም በላቸው!»

ምን ልበላት? አየሁ እንጂ አላወቅሁትም።

በማግስቱ ቀብረናቸው ስንመለስ ገዳዩን ለማውጣት እንዳገራችን ወግ አውጫጭኝ ተቀመጥን፣ ወንዱ ሁሉ ክብ ሠርቶ፣ አንድ በአንድ እየተነሳ ሽማግሌው አባ ወርቁ ፊት ይምላል። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጨለማ እንዳይመስልህ። ታከለ ማለ፣ ተመስገን አልኩ፣ ሲራመድም የሰማሁት የራሱን እግር ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ረጅም ሰው ተነስቶ ሲራመድ ከኋላው ሌላ እግር ተከተለው፣ ጠብ፣ ሸርተት። ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም፣ አቧራው ላይ ግን የሚጎተት እግር መስመር እየወጣ ይከተለዋል። ሰውየው ሲቆም ድምፁም ቆመ። ፈራሁ ብልህ ውሸቴን ነው፣ መቅደስ ውስጥ የቆምኩ ያህል እንባዬ መጣ።

«እሱ ነው» አልኩ።

«መልኩን ለየኸው?» አሉኝ አባ ወርቁ።

«እግሩን ሰማሁ።»

ሰው አጉረመረመ። ረጅሙ ሰው ግን ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ «አንተም ትሰማዋለህ?» አለኝ።

ይቺን ሽማግሌው ሰሙና እንደ ኑዛዜ ያዙበት፣ በቃ፣ ሻዊሹ ሎሪ ላይ ጭኖት ሄደ። እህቴ እያለቀሰች ጉልበቴን ሳመች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ከጥቂት ቀን በኋላ ዱራ ልቀበል ተሰልፌ ሳለሁ ያው ድምፅ መጣ፣ ጠብ፣ ሸርተት፣ አንድ ሰው ተከትሎ። ዞርኩ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ ብቻ። ከፊት የሚራመደውን እግር ግን አወቅሁት፣ ከዚያ መጠለያ ሁሉ አብልጬ የማውቀው እግር ነው፣ የታከለ። ሲምል ያልተከተለው አሁን ተከተለው፣ ታዲያ እኔ ሎሪ ላይ ያስጫንኩት ማንን ነበር?

አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፣ ድምፁም ቆመ።

«ምን ታያለህ አማቼ?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት። እውነቴን ነበር፣ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም።