ሠንጠረዥ አራት

ሟቹ የተገኘው በኃይል ጥናት ተቋሙ የጓሮ ደረጃ፣ አራተኛው ፎቅ ማረፊያ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ለአራት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። መርማሪዋ ስትደርስ ዋና ዳይሬክተሩ ከሬሳው ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«አሳዛኝ አደጋ ነው» አላት። «መብራት ጠፋ፣ ሊፍቱ ቆመ። እሱ ደግሞ ጉልበቱን ያመዋል። ወደ እኔ ቢሮ ሲወጣ አዳልጦት ነው። ነገ ትልቅ ጉባኤ አለብን፤ ጉዳዩ ዛሬውኑ ቢዘጋልን ደስ ይለኛል።»

«ሟቹን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለችና ጎንበስ አለች።

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሞግሷት ፈልገው አልነበረም፤ እሷ ግን ወዳው ተቀምጣለች። የሟቹን መዳፎች ገልብጣ አየች፤ ጭረት የለባቸውም። የሱሪው ጉልበትም አልቆሸሸም። ደረጃ የሚወጣ ሰው ቢያዳልጠው ወደ ፊቱ ይደፋል፤ መዳፉ ይላጣል እንጂ እንደ እሱ ማጅራቱ አይፈነከትም። ይህን ሰው ከፊቱ የቆመ ሰው ገፍትሮታል። አጠገቡ የወደቀውን ማኅደር ከፈተች። ሠንጠረዥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት። አራት የለም።

ሟቹ በተቋሙ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሌሎችን ቁጥር ሲያጣራ የኖረ ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ ቢሮው ውስጥ ስለ እሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረና ግድግዳው ላይ በመስታወት ተከብቦ ወደተሰቀለው የግራፍ መስመር ተሻገረ። መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል።

«ይህን ይመልከቱ። ፋብሪካዎቻችን በሦስት ዓመት ምርታቸውን በሲሶ ጨመሩ፤ የሚፈጁት ኃይል ግን በሩብ ቀነሰ። ብዙ ማምረት፣ ጥቂት ማቃጠል። ነገ የምናበስረው ይህንን ነው።»

«ለምን ቀነሰ?»

«ብቃት ነዋ።»

«አዲስ ማሽን አስገቡ? ምድጃ ለወጡ?»

«ዝርዝሩን የኢንዱስትሪ ክፍል ኃላፊው ያውቀዋል። እኔ አቅጣጫውን ነው የማየው።»

አቅጣጫ የሚያዩ አለቆች ብዙ አጋጥመዋታል። እግራቸው ሥር ሰው ወድቆ እንኳ ከሩቁ ላይ ዓይናቸውን አያነሱም። አመስግናው ወጣች፤ ምስጋናው ምስጋና እንዳልነበረ ግን አልገባውም።

የትራንስፖርት ክፍል ኃላፊዋ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን ይቆርጣል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ጮኼበታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ‹የትራንስፖርት ዘርፍ ናፍጣ ይጠጣል› እየተባለ መሳቂያ ስሆን አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ትናንት መጥቶ ‹ይቅርታ፣ ዘገየሁ፤ ነገ ጠዋት ይስተካከላል› አለኝ። ጮኼበት ወጣ። በኋላ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ጠዋቱን የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ምስክር የለኝም። እዚህ ቤት እኔን ማን ዞር ብሎ ያያል?»

የኢንዱስትሪ ክፍል ኃላፊው የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ወጣት፣ ሸንቃጣ፣ ከረባቱ አንገቱ ላይ የተሣለ የሚመስል።

«ጋሼ ለእኔ አባት ነበር» አለ። «እትዬን ሲያገባ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝም፣ እዚህ ያስገባኝም እሱ ነው።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ምድር ቤት፣ ማተሚያ ክፍል። አታሚው ፈቃድ ላይ ስለሆነ ለነገው ሁለት መቶ ቅጂ ራሴ አተምኩ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ መጥተው መርዶውን እስኪነግሩኝ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም። ቅጂዎቹ እዚያው ተደርድረዋል።»

«ማሽኑ በመሃል አልቆመም?»

«ኧረ በፍጹም። ሲያጓራ ነው ያረፈደው።»

«ማንስ ገባ?»

«ዝንብ እንኳ አልገባም።»

ጥያቄዎቹ ያለቁ መስሎት ከረባቱን ነካ አደረገ። በዚያች ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ተጠንቅቆ ማሰሩን አሰበች።

የጽዳት ሠራተኛዋን ያገኘቻት በኮሪደሩ ጫፍ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። እስካሁን ማንም ውኃ እንኳ አላቀረበላትም።

«ሊፍቱ ሲቆም መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

«የለም እመቤቴ። የወለል መወልወያ ማሽኔ ሲሠራ ነበር። ሊፍቱ ብቻ ነው ለሦስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ጸጥ ያለው። ከሦስት ተኩል አለፍ ሲል ደግሞ በራሱ ተነሣ።»

«ለዳይሬክተሩ አልነገሩትም?»

«እኔን ማን ጠይቆኝ።»

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የሊፍቱ ማብሪያና ማጥፊያ ከማተሚያ ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደውም በማተሚያ ክፍሉ በኩል ብቻ ነው። ከማጥፊያው ጎን አቧራ የለበሱ ቆጣሪዎች ተሰልፈዋል። ሟቹ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈባቸው ወረቀት አለ፤ «ሊፍት»፣ «ማቀዝቀዣ»፣ «ማተሚያ»። የየሰዓቱን ፍጆታ መዝግበው የሚያስቀሩ ናቸው። የአገሩን ሁሉ ኃይል እንለካለን የሚሉት ምሁራን የራሳቸውን ቆጣሪ ካዩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ቁልፉን ተጫነችና ያየችውን ጻፈች።

የሟቹን ባለቤት ቤቷ ውስጥ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ አገኘቻት። መቀመጥ አልቻለችም።

«ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረውም» አለች። «ጠዋት እዚህ ተቀምጦ አስረዳኝ። ‹የመኪኖቹ ብዛት ያው ነው፤ ናፍጣው ግን እጥፍ ሆኗል። መኪኖቹ ይጠጡታል ወይስ ይታጠቡበታል?› አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ፊቱ የሚያስቅ አልነበረም።»

«ይህን ማን እንዳደረገ ነገረዎት?»

«አልነገረኝም። ‹አንድ ልጅ ተሳስቷል፤ ራሱ እንዲያርመው እስከ ሦስት ሰዓት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ› ነው ያለኝ።» ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይህን ሲያስረዳኝ የጻፈው ነው።»

በላዩ «ሠንጠረዥ አራት» ይላል። መርማሪዋ አነበበችው። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው የሥራ ባልደረባውን «ልጅ» የሚለው መቼ እንደሆነ ማሰብ አላስፈለጋትም። ሴትየዋን ግን ቀና ብላ ማየት ከበዳት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ስብሰባ አዳራሹ ገቡ። ዳይሬክተሩ መሃል ተቀመጠ። ኃላፊዋ ጥግ ያዘች። ባለቤትየዋ ከወንድሟ ጎን ተቀምጣ እጁን ይዛለች።

«አጭር እንዲሆን» አለ ዳይሬክተሩ።

«ያጥራል። እርስዎ መብራት ጠፋ ብለውኛል። አልጠፋም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ማሽን ሲሠራ ነበር። የቆመው ሊፍቱ ብቻ ነው፤ አንድ ሰው አጥፍቶታል። ለምን? ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሦስት ሰዓት ላይ ወደ እርስዎ ቢሮ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ፣ ሰው በማያልፍበት ደረጃ እንዲያገኘው።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ገለጠች።

«ማጥፊያው ከማተሚያ ክፍሉ ጀርባ ነው። ጠዋቱን ሙሉ እዚያ የነበሩት ሰው ደግሞ ዝንብ እንኳ አልገባም ብለውኛል።» ወደ ወጣቱ ዞረች። «እንግዲህ ሊፍቱን ያጠፋው ማነው?»

«ምናልባት ጀርባዬን ሰጥቼ እያተምኩ…»

«አላተሙም። የማተሚያው ቆጣሪ ዛሬ ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የመዘገበው ዜሮ ነው። ትናንት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ግን አሥራ አራት ኪሎዋት ሰዓት። ቅጂዎቹ የትናንት ናቸው።»

«ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናላ።»

«ሁለት መቶ ቅጂ ያለ ምንም ኃይል። ሦስት ዓመት በወረቀት ላይ ስለሠሩት በእውን የሚቻል መስሎዎት ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ፋብሪካዎቹ ኃይል አልቀነሱም። ከኤሌክትሪክ መስመር የሚወስዱትን ትተው የራሳቸውን ጄኔሬተር ተከሉ። ጄኔሬተሩ የሚያቃጥለውን ናፍጣ እርስዎ ከኢንዱስትሪ አንሥተው ትራንስፖርት ላይ ደፉት። የእርስዎ መስመር ወረደ፤ የትራንስፖርት ኃላፊዋ ወጣ። እርስዎ ተጨበጨበልዎት፤ እሳቸው ተሳቀባቸው። ሟቹ ደረሰበት። ለአለቃዎ ከመናገሩ በፊት ራስዎ እንዲያርሙ ጊዜ ሰጠዎት። በዚያ ጊዜ ሊፍቱን አጠፉ፤ ደረጃው ላይ ጠብቀው ገፈተሩትና ሠንጠረዥ አራትን ይዘው ወረዱ። ሊፍቱንም መልሰው አበሩት። የተሳሳተው ልጅ ማን እንደሆነ ለእህትዎ እንኳ አልነገራትም። እስከ መጨረሻው ሸፍኖዎት ነበር።»

ባለቤትየዋ እጇን ከወንድሟ እጅ ቀስ ብላ አወጣች።

«አንተ ነህ?»

«እትዬ፣ ልገፋው አልነበረም። ለመንኩት። ወረቀቱን ስጠኝ አልኩት፣ እንቢ አለ። ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት…»

«ሲወድቅ ምን አለ?»

ከረባቱን ከአንገቱ ፈታ።

«‹ቀስ በል፣ ትወድቃለህ› አለኝ። እጄን ሊይዘኝ ነበር።»

እህቱ ወንበሯን አንሥታ ከእሱ ራቅ አድርጋ ተቀመጠች። ፖሊሶቹ ሲወስዱት አላየችውም። የትራንስፖርት ኃላፊዋ ከጥጉ ተነሥታ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅጂዎቹን… የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ቀይረን ነገ ማደል ይቻል ይሆን?»

መርማሪዋ እንደ ግድግዳ እድፍ አየችው። «ማስረጃ ናቸው። ሁለት መቶውንም እወስዳቸዋለሁ።»

ጉባኤው ከሁለት ወር በኋላ ተካሄደ። ናፍጣው ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የፋብሪካዎቹ መስመር ቁልቁል መውረዱን ትቶ በትንሹ ሽቅብ ይላል። ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ስሕተቱን ተቋሙ «በራሱ የውስጥ ቁጥጥር» እንዳገኘው ለግማሽ ሰዓት ተናገረ። የሟቹን ስም አልጠራም። መርማሪዋና ባለቤትየዋ ከኋላ ረድፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙት።

«አሁን ቁጥሩ ልክ ነው?» አለች ባለቤትየዋ በሹክሹክታ።

«ልክ ነው። የትራንስፖርት ኃላፊዋ ራሷ ናት የሠራችው።»

«እንግዲያው እንውጣ።»

ተነሡና ጭብጨባው ሳይጀመር ወጡ።