የታመሙት አባት ሽኝት

መብራቱ እንደሁ ዛሬ አይመጣም። ጠጋ በሉ፣ እግራችሁን ሰብስቡ። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ይናገር። የለም? እኔ እፈራለሁ፣ ግን አወራለሁ።

ድሮ ነው። አንድ ጅል ሰው ነበር። ማን ነው እንዳትሉኝ፣ እኔው ነኝ። ደቡብ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ፣ ተራራ ጫፍ ላይ በድንጋይ ካብ የታጠረ ከተማ አለ። ውበቱን ያላየ ምኑን ኖረ ሲሉኝ ለማየት ሄድኩ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ኩሲያ የዚያው አገር ልጅ ነው።

"ጎማውን ልቀይርና አብረን እንወጣለን" አለኝ። "ሲመሽ የከተማው በር ይዘጋል። ውጭ የቀረ የጅብ ነው።"

"እኔ ደጋፊ አልፈልግም!" ብዬው ወጣሁ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል አይደል የሚባለው?

ብዙም ሳልሄድ ጨለመ። መንገዱ በሁለት ካብ መካከል ነው፤ ጠባብ። ጅብ ጮኸ። ምን አደረግሁ? ዘፈንኩ! ድምፄን ታውቁታላችሁ፤ ጅቡም ዝም አለ።

ያኔ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ አየሁ። "እንደምን አመሹ አባቴ?" ብላቸው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ብሮጥ አልደርስባቸውም። ብቆም ይቆማሉ። ጠጠሩ በእኔ እግር ሥር ይንኮሻኮሻል፤ በእሳቸው እግር ሥር ግን ድምፅ የለም። ይህን አይቼ ምን አልኩ? "ጥሩ ጫማ ነው ያደረጉት!" አልኳቸው። ባዶ እግራቸውን ነበሩ።

በሩ ጋ ስደርስ የሉም። ኩሲያ እያለከለከ ከኋላዬ ደረሰና ተረጎመልኝ። በረኞቹ የተዘጋውን በር ከፈት አድርገው "ከማን ጋር መጣህ?" ሲሉኝ የሽማግሌውን መልክ ነገርኳቸው። ተያዩ።

"አባታችን ናቸው። ታመዋል፤ ግባና ጠይቃቸው።"

"ዳገት ለዳገት እየቀደሙኝ ምን ሕመም አለባቸው!" እያልኩ ቤታቸው ገባሁ። በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ቅቤ ተቀብተው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ጨበጥኩ። የደረቀ እንጨት።

"ኩሲያ፣ መቼ ነው የታመሙት?"

"እኔ ሳላገባ። እኛ ዘንድ የጎሳ አባት እስኪቀበር ሞተ አይባልም፣ ታመመ ነው የሚባለው። ገላው ደርቆ ለዓመታት እቤቱ ይቆያል።"

ልሮጥ ስል ሚስታቸው ክንዴን ያዙኝ። "እግሩን ያመው ነበር። ዛሬም ያነክሳል?"

"አያነክሱም እማማ። ሮጬም አልደረስኩባቸው።"

እያለቀሱ ሳቁ። አሳዘኑኝ፣ ፍርሃቴንም ረሳሁት። ከዚያ ምን አሉ? "እንግዲያው እሱ ራሱ ይሸኝሃል። እንግዳ የተቀበለ ሳይሸኝ አይቀርም።"

ፍርሃቴ ተመለሰ! ኩሲያን አቅፌ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ እየጎተትኩት ወርጄ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሚስታቸው ተከትለውን ወርደው ነበር። እጃቸውን አወዛወዙ። የሚያዩት ግን ባዶውን የኋላ ወንበር ነው። አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉኝ?" አልኩት ኩሲያን።

ቁልፉን ማዞሩን ትቶ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። "አንተን አይደለም። 'ሽማግሌዬ፣ ሸኝተኸው ሳይመሽ ተመለስ' ነው ያሉት።"

እኔ ዞሬ አላየሁም። ስለዚህ ምክሬን ስሙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። እሳቸው ተመልሰው ይሆን? እንጃ። ግን አንቺ ልጅ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ... ከጎንሽ የተቀመጡትን አባት ማን ይዟቸው መጣ?