ያልተያዘው አልጋ

«አልጋው ተይዟል አይደል?» አሉ ጋሽ ሣህሌ፣ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሆነው ዕቃ እያሰሩ።

«ተይዟል» አለች ሔርሜላ። ቀና ግን አላለችም። የዋሸ ሰው ጫማውን ሲያይ ነው የሚውለው።

ከቦንጋ ለጥምቀት ጎንደር ሊሄዱ ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ጥቂት አዛውንቶች። ጉዞውን የሚመሩት ጋሽ ሣህሌ ከወር በፊት፣ «አንቺ ጎበዝ ተማሪ ነሽ» ብለው የፔንሲዮኑን ስልክ ቁጥር ሰጧት። ጎንደር በጥምቀት እንደ ቦንጋ ገበያ አይደለም። ገበያ ሲመሽ ይበተናል፤ እዚያ ግን ሰው በሰው ላይ ይጨመራል እንጂ አይበተንም። አስቀድሞ ያልያዘ ደጅ ያድራል። ይህን ሔርሜላም ታውቃለች።

ደግሞም ደውላ ነበር። እቤቷ የሚነገረው የካፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛዋ ክፍል ውስጥ እንደ ውኃ ይወርዳል፣ ስትደነግጥ ግን ይገለበጥባታል። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ድምጿ ቆጣ ያለ ነበር። «አቤት! ማን ልበል?» ስትላት ሔርሜላ ደነገጠችና፣ «እናቴ፣ አልጋ አለህ?» አለቻት።

ሴትዮዋ ሳቀች። መሳቋስ ባልከፋ፤ «ኑ፣ ይቺን ልጅ ስሟት!» ብላ ሰው ጠራች። ሔርሜላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። በማግስቱ ጋሽ ሣህሌ ሲጠይቋት፣ ነገ እደውላለሁ ብላ አስባ፣ «ተይዟል» አለች። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልነጋም። ሳቅ ሰው አይገድልም፤ ግን ይህን ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማን ያስረዳታል?

ጉዱን የምታውቀው ጓደኛዋ ትሁት ብቻ ናት። ሻንጣ የምታቀብል መስላ ተጠጋቻት።

«ታስነቂያለሽ እኮ! ፈታ በይ። እዛ ስንደርስ ‹ይዘን ነበር፣ ለሌላ ሰጡብን› ነው የምንለው። በቃ፣ ማን ያጣራል?»

«ሴትዮዋስ?»

«የት ታውቂያታለሽ? ደግሞ ስቃብሽ የለ!»

እውነት ነው፣ ስቃባታለች። ነገሩ ለአፍታ ጣፈጣት።

ይህን ጊዜ እትዬ ብርቄ ከማንኪራ መንደር በባጃጅ ደረሱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ይቺን ጥምቀት ለማየት ስንት ዓመት ተመኝተዋል። ምራታቸው የተጠቀለለ ፍራሽና ብርድ ልብስ አቅፋለች።

«ሣህሌ፣ ይቺንም ጫንልኝ!»

«ምን ያደርግልዎታል እትዬ ብርቄ? አልጋ አለ እኮ። ሔርሜላ ይዛለች።»

«የኛዋ ሔርሜላ?» ዞረው አገጯን ያዝ አደረጓት። «አበጀሽ! ከብርድ ገላገልሽኝ፤ አጥንቴ እንደ ድሮው አይደለም።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «በይ፣ ወደ ቤት መልሺው። አልጋ ያለው ሰው ፍራሽ ተሸክሞ አይዞርም።»

ምራትየዋ ጥቅልሉን ባጃጁ ውስጥ መልሳ ከተተችው። ሞተሩ ተነሳ። ትሁት ሔርሜላን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

«ቁም!» አለች ሔርሜላ ባለባጃጁን። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «እትዬ ብርቄ፣ አይመልሱት።»

«ለምን?»

«አልጋ የለም። አልያዝኩም።»

ጋሽ ሣህሌ ገመዱን ለቀቁት። «ምን አልሽ?»

«ደውዬ ዘጋሁት። ከዚያ ዋሸሁ። ሴትዮዋ ምንም አላጠፋችም።»

እትዬ ብርቄ አልተቆጡም። አገጯን የነካውን እጃቸውን ግን በነጠላቸው ጠረጉት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ጋሽ ሣህሌ ከጣሪያው ወርደው ፊቷ ቆሙ።

«ውስጥ ያሉትንስ ማን ሊነግራቸው ነው?»

ሚኒባሱ ውስጥ ከበሮ እየተመታ ይዘመራል። ሔርሜላ ሄዳ በሩን ሳበችው። መዝሙሩ እስኪያልቅ አልጠበቀችም።