ሳጥኑን ማን ረሳው?

ጡረተኛው የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር እሑድ ረፋድ ላይ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው አጠገብ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። የመስኮቱ የድንጋይ ደፍ ማጅራታቸውን ሰንጥቆታል። የኮምፒውተራቸው ስክሪን በልብስ ካውያ ተቀጥቅጧል፤ ኪቦርዱ ላይ አንድ ጆግ ውኃ ተደፍቶበታል። ውኃው በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ከሥር ያለውን የኮምፒውተሩን ሳጥን አበላሸው እንጂ ሳጥኑን ማንም በእጁ አልነካውም።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት፤ መንገድ እንደጠፋው እንግዳ ለስለስ ብላ ነው የምትጠይቀው። ሬሳውን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ሳጥኑን ግን ደግማ ደጋግማ አየችው። ሰውየው አዳልጧቸው ሞቱ ቢባል እንኳ፣ የሞተ ሰው ካውያ አንስቶ ስክሪን አይቀጠቅጥም። ጽሑፍ ለማጥፋት የቸኮለ ሰው አለ።

የቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር ፍለጋው ሩቅ አያስኬድም። በቤቱ የነበሩት ሦስት ናቸው። አንዷ የሟች እኅት እትዬ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ የወንድማቸው ሚስት በወሊድ ስትሞት የተረፈውን ሕፃን አዝለው ያሳደጉት ግን እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ያው ሕፃን ነው፤ ዛሬ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ሦስተኛዋ ሚስቱ ናት፤ ፎቶ ቤት ተቀምጣ የሙሽሮችን ብጉር በኮምፒውተር ታጠፋለች።

ሚስትየው ገላዬን እየታጠብኩ ነበር፣ አልሰማሁም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጽሑፍ አጠፋለሁ ብሎ ስክሪን የሚሰብር ማነው? የማይም ሥራ ነው።» ዓይኗ ወደ ማድ ቤት ሄደ፤ እዚያ የተቀመጡት እትዬ ናቸው።

ኢንጂነሩ አለቀሰ። አክስቱ ያንን ማሽን ወንድሜን ነጠቀኝ እያለች ትረግመው እንደነበር፣ ምናልባት ተጣልተው ገፍታው እንደሆነ፣ አሮጊት ናትና ሕግ እንዲራራላት ለመርማሪዋ ነገራት። መርማሪዋ ከማሽኑ የሚተርፍ ነገር ይኖር እንደሆን ጠየቀችው።

«ስክሪኑ እንዲህ ከሆነ ምን ይተርፋል? ጽሑፉ አብሮ ጠፍቷል።»

አመስግናው ጻፈችው።

እትዬ ግን ወገባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

«ወንድምዎን ገፍተዋቸዋል?»

«የፈለጋችሁትን ጻፉ።»

«የሚሉኝን ነው የምጽፈው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ምንም አላልኩም። ዝም አይነቅዝም።»

አለቃዋ ስልክ ደውሎ፣ ነገሩ ግልጽ ስለሆነ አሮጊቷ ሳይመሽ እንዲታሰሩ አዘዘ። እሷ እስከ ዐሥር ሰዓት እንዲታገሣት ለመነችው። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ሁለት ክብ ቦታ ተልጦ አይታለች፤ የሁለት ጉልበት ልክ ነው። ሟቹ ደግሞ አንድ እግራቸው አይታጠፍም ነበር።

ሳጥኑን ተሸክማ በሰፈሩ ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደች። ጠጋኙ ገና ሲያየው አወቀው። አምና ተበላሽቶ ያመጡት እትዬ ነበሩ፤ በነጠላ ጠቅልለው፣ ስክሪኑን እቤት ትተው። የጎኑን ክዳን ፈታ፣ ሃርድ ዲስኩን አወጣ፣ አደረቀና ከራሱ ማሽን ጋር አገናኘው። ግማሹ ፋይል አልከፈት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን የዚያን ዕለት ጧት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ወጣ።

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ጠጋኙንም ይዛው መጥታለች።

«ይህን ያደረገው ጽሑፍ የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው» አለች። «ፊደል የሚታይበትን ሰበረ፣ ፊደል የሚመታበትን በውኃ አጠበ፣ የተቀመጠበትን ሳጥን ረሳው። ሁላችሁም እማማን ጠረጠራችሁ፤ ስላልተማሩ።»

ሚስትየው አቀረቀረች።

«ታላቅ ወንድማቸው ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ፣ በየጧቱ ተንበርክከው ሳጥኑን የሚያበሩት እሳቸው ነበሩ። ምንጣፉ ይናገራል። » ወደ ጠጋኙ ዞረች። «አምና ምን አልካቸው?»

«ዲስኩን በእጃቸው አስይዤ፣ የወንድምዎ ጽሑፍ ሁሉ እዚህች ውስጥ ነው አልኳቸው» አለ ጠጋኙ።

«ስለዚህ እማማ ቢሆኑ ሳጥኑን ነበር የሚመቱት። ሚስትየውም ኮምፒውተር እንጀራዋ ነው፤ ስክሪን ሲሰበር ፎቶ እንደማይጠፋ ታውቃለች። ከሦስቱ ስክሪኑ ከተሰበረ ምንም አይተርፍም ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። ለምን እንደማያውቅ አባቱ ጽፈውታል።»

ደብዳቤውን አነበበችው፦ የልጄ የኮምፒውተር ዲግሪ ሐሰት ነው፤ ገና በመጀመሪያው መንፈቅ ወድቋል። ማኅተሙን ያሳረፍኩበት እኔ ሬጅስትራሩ፣ አባቱ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። አሁን ግን ስላጭ መስታወት ውስጥ ፊቴን ማየት አፍራለሁ፤ ስለዚህ ነገ ይህን ለመሥሪያ ቤቱ እልካለሁ።

ስንቅና ሐሰት እያደረ ይቀላል፤ የኢንጂነሩም ስንቅ እዚህ ላይ አለቀ። በሥሩ ያሉት እየሠሩ እሱ እየፈረመ የኖረ ሰው፣ ወንበሩ ላይ እንደ እርጥብ ልብስ ተጣጠፈ።

«አትላከው ብዬ ለመንኩት» አለ። «እጄን ይዞ አብረን እንሂድና እንናገር አለኝ። ላስለቅቅ ብዬ ነው የገፋሁት።»

ሚስቱ የማይም ሥራ ነው ብላ ነበር። እውነቷን ነው፤ ማይሙ አጠገቧ እንደሚተኛ አላወቀችም እንጂ። ተነስታ እትዬ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል እሳቸው በእጃቸው ከለከሏት።

«ሰምተው ነበር፣ አይደል?» አለች መርማሪዋ።

«ሰምቻለሁ። ልጁ ሲለማመጥም፣ ወንድሜ ሲወድቅም።»

«ታዲያ በሱ ፈንታ ሊታሰሩ?»

«እኔ ነኝ ብዬ ልሄድ ተነስቼ ነበር። እሱ ቀድሞ አሳልፎ ሲሰጠኝ አፈርኩና ተቀመጥኩ።»

ሳሎኑ ውስጥ ቀና ያለ አንገት አልነበረም። ከበር ውጪ ጎረቤት ተኮልኩሏል። ኢንጂነሩ እጁ ታስሮ በፖሊሶች መካከል ሲወጣ የሸሚዙ ቁልፎች እስከ ደረቱ ተከፍተው ነበር። እትዬ መንገዱን ዘግተው ቆሙና አንድ በአንድ ይቆልፉለት ጀመር፤ ዓይናቸው ከቁልፎቹ አልተነሳም።

«እትዬ፣ አንዴ ቀና ብለሽ እዪኝ።»

«አልችልም» አሉ። «ያንተንም ድርሻ እያፈርኩልህ ነው።»

የአንገቱን ቁልፍ ጨርሰው ከመንገዱ ዘወር አሉ።

«ውሰዱት።»