በከፍተኛ ግራፊክስ ብቻ

ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ግራፊክስ ካርድ አሮጌዋ ኮምፒዩተሬ ላይ ይገባል?»

«መግባቱስ ይገባል። ትንፋሽ ያጥራታል እንጂ።»

«እንግዲያው አዲስ ገጣጥምልኝ።»

የይለፍ ቃሉ አለቀ። ሰውዬው በዚህ ሱቅ በጠጋኝነት ከተቀጠረ አምስት ወሩ ነው። የላከው የስለላ መሥሪያ ቤት «ቡሎን» ይለዋል፤ እሷን «ዋኖስ»።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐሙስ አራት ሰዓት አስመጪው ከገዢው ጋር ኦንላይን ጌሙ ውስጥ ይገናኛል። እኔም ቤቱ ሆኜ አብሬው እጫወታለሁ። የጦር መሣሪያውን የጫነችውን መርከብ ስም ጌሙ ውስጥ ያለ ግንብ ላይ ጽፎ ወዲያው ይሰርዘዋል። ፊደሉ ደቃቅ ነው። ግራፊክሱ ከፍተኛው ላይ ካልሆነ ጭጋግ ነው የሚመስለው።»

«ካርዱን ማን ገዛው?»

«እሱ።»

«እንዴት አስገዛሽው?»

«ሳቅኩለት።»

ሁለት ዓመት በሌላ ከተማ ባልና ሚስት ተብለው ኖረዋል። ለሥራ። ያን ሳቅ ግን የራሱ ብቻ አድርጎ ነበር የያዘው።

ፕሮሰሰሩን ገጠመ። ሠላሳ ሁለት ጊጋ ራም ሰካ። የአስመጪውን ካርድ ሲያስገባ ጣቱን እንደ እሳት ፈጀው። የቀረው ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ነው። ካርዱ ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ይፈልጋል።

ባለ አምስት መቶውን አነሣ።

ለተራ ሥራ ይበቃል። ግራፊክሱ ከፍ ሲል ግን ድርግም ይላል። ረቡዕ ትሞክረዋለች፣ ትጠራኛለች፣ ያን የአስመጪውን ቤት በዓይኔ አያለሁ፣ ከዚያ እቀይረዋለሁ ብሎ አሰበ።

እሷ ግን አልሞከረችውም። ቡሎን የገጠመው አይፈተሽም ብላ።

ሐሙስ፣ ለአራት ሩብ ጉዳይ፣ የአስመጪው ሾፌር ሱቁ በር ላይ ቆመ። «ቶሎ በል! እመቤቲቱ ተቆጥታለች።»

ሰፊ ክፍል ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ጀርባ ለጀርባ። የእሷ ስክሪን ጠቁሯል። የአስመጪው እጅ ትከሻዋ ላይ ነው።

ቡሎን ወደ እጁ ላለማየት ቸኮለ። ቸኩሎም ባለ ሰባት መቶ ሃምሳውን ከቦርሳው አወጣ።

«ቆይ እስቲ» አለ አስመጪው። «ኮምፒዩተሩን እንኳ ሳትከፍት ምን እንደጎደለው በምን አወቅህ?»

ሾፌሩ በሩን ዘጋ።

ዋኖስ ዕቃውን አየች። ከዚያ እሱን። ሁሉም ገባት።

ተነሥታ በጥፊ አጮለችው።

«ሌባ! በምን አወቅህ ይለዋል ደግሞ! ደህናውን ሊሸጥ አስቀርቶ ውዳቂውን ከተተልኝ። እንደተነቃበት ሲያውቅ ነዋ ይዞት የመጣው! አፍህን ምን ያዘው? ተናገር!»

«ተሳስቻለሁ፣ እመቤት።»

አስመጪው ሳቀ። ሌባ እሱ በደንብ የሚያውቀው ዓይነት ሰው ነው። «ግጠምና ከፊቴ ጥፋ» ብሎ ወደ ራሱ ስክሪን ዞረ።

ለአራት አምስት ጉዳይ።

አራት ብሎን። ኬብሎቹ። ማብሪያው።

ከፍተኛ።

ጭጋጉ ድንጋይ ሆነ። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሽበት፣ ከሽበቱ ሥር ፊደል። የመርከብ ስምና ቀን። ቡሎንና ዋኖስ አነበቡት። ፊደሉ ጠፋ።

«ሁለተኛ የዚህን ሰው ሱቅ አልረግጥም» አለች።

«ሌላ እፈልግልሻለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሳቀች። ያንኑ ሳቅ። ሾፌሩ በደረጃው ሲያንከባልለውም ከላይ ይሰማው ነበር።

«ጎበዝ» አለ አለቃው በስልክ፣ የመርከቧን ስም ተቀብሎ። «ሱቁ በሌብነት አባሮሃል አሉ። ይመቸናል። ዛሬውኑ ከተማውን ልቀቅ።»

«ዋኖስስ?»

«እዚያው ትቆያለች። ከሰውዬው በላይ ያለውን ገና አላገኘንም። አሁን ደግሞ ከልቡ አምኗታል፤ ጠቅልለሽ ቤቴ ግቢ ብሏታል።»

«እስከ መቼ?»

«አንተን ምን አገባህ?»

ቡሎን ስልኩን ዘጋው።

በሳምንቱ መርከቧ ተያዘች። በሌላ ከተማ አንድ አዲስ ብስክሌት ጠጋኝ ጎማ እየነፋ ዜናውን ከሽማግሌ ደንበኛው ሬዲዮ ሰማ።

«ጉድ እኮ ነው! ሰማህ?» አሉት ሽማግሌው።

«አልሰማሁም፣ አባባ» አለና መንፋቱን ቀጠለ።