የሰው ይሻላል

ከዛሬ ጀምሮ አቶ ወንዳፍራሽ ሌላ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ፣ ታጠበም አልታጠበ፣ ውሃ እንደማይጠጡ ለመላው ቤተሰብ በክብር ተገልጿል። መላው ቤተሰብ ማለት ሚስቱ ጥሩወርቅ ናት። አዋጁን ሽንኩርት እየከተፈች ሰማች፤ ያለፈው ሳምንት አዋጅ የበር እጀታን የሚመለከት ነበር።

ልቡ ግን አዋጅ አያከብርም። ከልጅነቱ የቶንሲል ሕመም ወዲህ የልቡ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው መዝጊያ፣ እየተበላሸ መጥቶ፣ አሁን ጥሩወርቅ ሶፋው ላይ አጠገቡ ስትቀመጥ እርጥብ ጨርቅ ከድንጋይ ጋር ሲላተም የመሰለ ድምፅ ከደረቱ ይሰማታል። ቫልቩ ካልተቀየረ ዓመቱን አይጨርስም ተብሏል።

«የአሳማ አለ፤ ከበሬ ልብ ሽፋን የሚሠራም አለ» አለች ሐኪሟ፣ ዶክተር ፌቨን። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ይምረጡ።»

«አሳማ?» ወንዳፍራሽ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ጫነ። «ቆሻሻ ሲገለብጥ የኖረ እንስሳ በእኔ ደረት?»

«እሺ፣ የበሬው?»

«ሁዳዴ ሲገባስ? አውልቄ ላስቀምጠው?»

ጥሩወርቅ በሀፍረት ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች።

«የሰው የለም?» አለ ወንዳፍራሽ።

«ከሞተ ሰው የሚወሰድ አለ፤ እዚህ ግን አይገኝም። እሱን እጠብቃለሁ ብለው እንዳይሞቱብን።»

«የሰው ይሻላል» አለ። «የተጠመቀ ከሆነ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ባሏ ተለወጠ፤ ጥሩወርቅም ደስ አላት። ከሰው የሚሸሸው ወንዳፍራሽ የጓሮዋን ክፍል የተከራየውን ይበልጣልን፣ ያን ደረተ ሰፊ ዘማሪ፣ ምሳ ይጠራው ጀመር።

«ቶንሲል ታመህ ታውቃለህ?»

«ኧረ ጋሼ! እኔን ጉንፋንም አያውቀኝም።»

«ተመስገን» አለ ወንዳፍራሽ። ጥሩወርቅ ባሏ ለሰው ጤና ሲያመሰግን ሰምታ አታውቅም።

አንድ ቀን አጎረሰው። የሌላ ሰው ጣት ወጥ ነክቶ ካየ ከገበታ ይነሳ የነበረው ሰው፣ ዘይት የጠገበውን ጉርሻ እስከ ጉሮሮው ድረስ ከቶለት፣ ከይበልጣል ከንፈር ምራቅና በርበሬ ተቀላቅሎ የወጣበትን ጣቱን ቀስ ብሎ ላሰው፤ ከዚያ ያንኑ እጁን የልጁ ደረት ላይ አሳርፎ፣ ሸሚዙ ላይ የቀረው ቀይ አሻራ እየሰፋ ሲሄድ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ሆኑ እንዴ?» ሳቀ ይበልጣል።

«ዝም በል። ስታወራ አይሰማኝም።»

«ሰውየው፣ ተው እንጂ!» አለች ጥሩወርቅ። እጁን አላነሳም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥሩወርቅ ከለቅሶ ስትመለስ ግቢውን በበረኪና ታጥቦ አገኘችው፤ ከበረኪናው ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር፣ በሙቀት ቀን የሥጋ ቤት ወለል የሚሸተው፣ ጣፈጥ የሚል፣ ምላስ ላይ የሚለጠፍ ሽታ፤ የፍሳሽ ትቦው አፍ ላይ የቀረው አረፋ ሮዝ ሆኖ ዝንቦች ሰፍረውበታል። የይበልጣል በር ገርበብ ብሏል። ጫማው ደጃፉ ላይ ነው። ስሙን ጠራች፤ የመለሰላት ከውስጥ የሚንጠባጠብ የአንድ ነገር ድምፅ ብቻ ነበር። በሩን ልትገፋ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ወንዳፍራሽ ሳሎን ተቀምጧል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፣ የጥፍሮቹ ዙሪያ ጠቁሯል፣ ጭኑ ላይ በረዶ የሞላበት ክዳናም የፕላስቲክ ዕቃ እንደ ሕፃን ታቅፏል። የቀለጠው ውሃ ሱሪውን አልፎ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። አልተጸየፈም።

«ይበልጣልስ?»

«አገሩ ገባ።»

«በባዶ እግሩ?»

አንዲት ዝንብ ክዳኑ ላይ አረፈች፤ በፍቅር እፍ አላት።

«ወንዳፍራሽ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ምን አደረግህ?»

«አልናገርም» አለ። «ለዶክተሯ ደውይ፤ የሰው ተገኝቷል በያት።»